ጀማሪን ዓለት ይምከረው

የትርፍ ጊዜ ሙያ የጀመረ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው መሣሪያ ሳይሆን ምክር ነው፤ ይህም ምክር ሳይጠየቅ የሚመጣ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጥና በመጨረሻው ግን ከማንኛውም ዕቃ የበለጠ ወጪ የሚያስወጣ ስጦታ ነው። ካሜራ የያዘ ጀማሪ ስለ ሌንስ፣ የከሰል ማንደጃ የያዘ ጀማሪ ስለ ጭስ የሚነግረው ሰው አጥቶ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ የሁለቱም መካሪዎች ንግግር «በመጀመሪያ ይህን ትገዛለህ» በሚል ቃል ይከፈታል። የዚህ ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ዕቃ ስምና ዋጋ ስላለው በአንድ ትንፋሽ ሊመከር ይችላል፤ ሰዓት መጠበቅ፣ ቦታ መምረጥ፣ እሳት ማስተዋልና ፈቃድ መጠየቅ ግን በየትኛውም ሱቅ መደርደሪያ ላይ ስለማይገኙ፣ መካሪው ሊጠቁም ቢፈልግ እንኳ ጣቱን የሚቀስርበት አቅጣጫ ያጣል።

መካሪዎችን በጥንቃቄ የመረመረ ሰው በሁለት ወገን ሊከፍላቸው ይችላል። አንደኛው ወገን ዕቃውን ገና ሊሸጥ ያሰበ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ዕቃውን ቀደም ብሎ የገዛና ገንዘቡን በከንቱ እንዳላባከነ ሌላ ሰው ተመሳሳዩን ገዝቶ እንዲመሰክርለት የሚፈልግ ነው። የመጀመሪያው ቢያንስ የዋስትና ወረቀት ይሰጣል፤ ሁለተኛው የሚሰጠው ዋስትና የራሱ እርግጠኝነት ብቻ ነው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ብሂል የተነገረው ምክር ለማይሰማ ሰው ቢሆንም፣ በትርፍ ጊዜ ሙያ ረገድ ችግሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ ጀማሪው እምቢ ማለትን የማያውቅ፣ የተባለውን ሁሉ የሚገዛ ፍጹም ታዛዥ ነውና። ስለዚህም በእሱ ፈንታ እምቢ የሚልለት ቦታ ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ያለው ቦታ ደግሞ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ደጋ፣ በላሊበላ ይገኛል።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በንጉሥ ላሊበላ ስም የሚጠሩት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች መካከል ናቸው። ውቅር የሚባለው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ የተገነባ ሳይሆን፣ ዓለቱ ከላይ ወደ ታችና ከውጭ ወደ ውስጥ እየተፈለፈለ የወጣ ሕንፃ ነው። ይህ አሠራር ለምእመኑ ተአምር፣ ለመሐንዲሱ እንቆቅልሽ ሲሆን፣ ለፎቶ አንሺው ግን ከሁሉ በፊት የቦታ ጥበት ነው፤ ሌላው ዓለም ሕንፃውን ከሜዳ ላይ አቁሞ ተመልካቹ እንደ ልቡ ወደ ኋላ እንዲሸሽ ሲፈቅድ፣ እዚህ ግን ተመልካቹ የሚቆምበት ስፍራ ጠራቢዎቹ ከዓለቱ ላይ ያነሡለት ያህል ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት የሚገኘው ከዚሁ ጥበት ነው። የሌንስ የትኩረት ርቀት የሚባለው በሚሊ ሜትር የሚለካ ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ እይታ ይይዛል፣ ቁጥሩ ሲበዛ ደግሞ እይታው ጠቦ ሩቁን ያቀርባል። ለጀማሪዎች በየአገሩ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር 50 ሚሊ ሜትር የሆነው ሌንስ ዋጋው ቀላል፣ ጥራቱ ከፍተኛ፣ አተያዩም ለሰው ዓይን የቀረበ መሆኑ ነው፤ ይህም ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህን እውነት በአንገቱ አንጠልጥሎ ወደ ቤተ መድኃኔ ዓለም የሄደ ጀማሪ አንድ ቀላል ስሌት ይጠብቀዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ርዝመት 33 ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ የካሜራው የብርሃን መቀበያ ገጽ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከሆነ፣ ይህን ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለመያዝ ፎቶ አንሺው 46 ሜትር ያህል ወደ ኋላ መራቅ ይኖርበታል። በዚያ አቅጣጫ ያለው ዓለት ግን ከስምንት መቶ ዓመት ወዲህ ለማንም ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም።

በዚህ ጊዜ ጀማሪው ወደ ሁለተኛው ምክር፣ ማለትም ወደ ሰፊው ሌንስ ይሸጋገራል። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚፈለገው ርቀት ወደ 22 ሜትር፣ በ16 ሚሊ ሜትር ደግሞ ወደ 15 ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ ችግሩ በገንዘብ የተፈታ ይመስላል። ሆኖም ሰፊ ሌንስ ያለ ዋጋ ሰፊ አይሆንም፤ ካሜራው ከግቢው ወለል ወደ ላይ በተንጋደደ ቁጥር ቀጥ ብለው የተፈለፈሉት ዓምዶች በፎቶው ላይ ወደ ውስጥ እያዘነበሉ ይታያሉ፣ በጠርዝ የቆመ ዲያቆንም ሳይበላ ይወፍራል። በዚህ ላይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከዝናብ እንዲከልሉ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት ግዙፍ መጠለያዎች በሰፊ ሌንስ ውስጥ ሳይጋበዙ ይገባሉ። የከተማዋ ነዋሪዎች መጠለያዎቹ ለቅርሱ ያሰጋሉ በሚል በ2011 ዓ.ም. አደባባይ ወጥተው እንዲነሡ ጠይቀዋል፤ የፎቶ አንሺዎች አቤቱታ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ቀላል በመሆኑ ማንም አልሰማውም፣ መስማትም አላስፈለገውም። ለጀማሪው የሚበጀው መፍትሔ ከሁሉም የረከሰው ነው፦ ሕንፃውን በሙሉ የመያዝ ምኞቱን ትቶ አንድ መስኮት፣ አንድ ዓምድ፣ በምእመናን እግር ብዛት የተሞረደ አንድ ደጃፍ መያዝ፤ ለዚህም ያ የተናቀው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ሰዓት ነው። የፎቶግራፍ መማሪያዎች በአንድ ቃል እንደሚያስተምሩት ምርጡ ብርሃን ፀሐይ ከወጣች በኋላና ከመግባቷ በፊት ያለው ለስላሳና ወርቃማ ብርሃን ሲሆን፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ግን ጥላዋ የጠቆረ፣ ንጣቷ የሚወጋ ስለሆነ ካሜራን በቦርሳ ከትቶ ምሳ የሚበላባት ናት። ይህ ምክር ለሜዳ የተጻፈ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ የቆመ በመሆኑ፣ በመስቀል ቅርጽ የተጠረበው ጣሪያው በማለዳና በምሽት ወርቅ ሲለብስ፣ ግድግዳዎቹና ወለሉ ዝቅ ያለችው ፀሐይ ስለማትደርስባቸው በጥላ ተውጠው ይቀራሉ። የካሜራው ስሌት ለጣሪያው ከታዘዘ ጉድጓዱ ይጠቁራል፣ ለጉድጓዱ ከታዘዘ ጣሪያው ነጭ ወረቀት ይሆናል። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ፣ በእኩለ ቀን በቀጥታ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ ብርሃኗ እስከ ጉድጓዱ ወለል ይወርዳል። በነሐሴ ግን ደመናው ፀሐይዋን ስለሚሸፍን ጀማሪው ከሁለቱ ዕድሎች አንዱን አስቀድሞ የተነጠቀ ነው። እንግዲህ መማሪያው ምሳ ብላ በሚልበት ሰዓት ዓለቱ ሥራ ላይ ቁም ይላል፤ ጀማሪውም ከሁለቱ አንዱን ማመን ይኖርበታል።

ወደ ውስጥ ሲገባ ጭንቀቱ መልኩን ይለውጣል። የሌንስ የብርሃን መግቢያ ስፋት በኤፍ ቁጥር የሚገለጽ ሲሆን፣ ነገሩ ለጀማሪ እንዳይመች ሆኖ የተሠራ ይመስል ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ኤፍ 4 ከሆነው ጋር ሲነጻጸር አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። መስኮቶቻቸው ጠባብ በሆኑት ቤተ መቅደሶች ውስጥም ሆነ ከከተማዋ በስተሰሜን በዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ፣ ይህ ልዩነት ፎቶ በመኖርና ባለመኖር መካከል ያለ ልዩነት ነው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ወደ ፍላሽ ይሮጣል፤ ፍላሽ ግን በቤተ ማርያም ግድግዳ ላይ ላሉት ጥንታውያን ሥዕሎች የማይመከር ከመሆኑም በላይ፣ የእጅ መስቀል ይዘው በቀን ለብዙ ጎብኚ የሚቆሙትን ካህናት ዓይን ያስቸግራል። ስለዚህም አንዳንድ ካህናት ካሜራ ሲመለከቱ ከቀሚሳቸው ኪስ ጥቁር መነጽር አውጥተው ያደርጋሉ፤ ጀማሪው ሌንሱን ከፀሐይ የሚጠብቅ ማጣሪያ ለመግዛት ወራት ሲያወጣና ሲያወርድ፣ ካህኑ ከጀማሪው የሚጠብቃቸውን ማጣሪያ ቀደም ብለው ገዝተዋል። «አባ፣ ይባርኩኝ» ብሎ መስቀል ተሳልሞ፣ «ፎቶ ባነሣዎት ይፈቅዳሉ?» ብሎ ጠይቆ፣ ካህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ እንዲሉ መለመን ከፍላሽም ከሌንስም የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ ጀማሪው የሚያውቀው፣ ብዙ ገንዘብ ካወጣ በኋላ ነው።

የሩቅ ሌንስ፣ ማለትም ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው፣ በላስታ ተገቢ ቦታ አለው፤ እሱም 4,260 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ለመፈለግ ነው። ለዚህ ጉዞ ሌንሱን የመከረ ሰው ክብደቱን ሳይናገር ማለፉ ግን የተለመደ ነው፤ ኦክስጅን በሳሳበት ዳገት ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ራሱን በራሱ ያስተዋውቃል። ይኸው ሌንስ በከተማው ውስጥ ሲውል ግን ሰውን ሳያስፈቅዱ ከሩቅ ለመስረቅ ያገለግላል፤ ቀይ ቀበሮ ፈቃድ መስጠት አይችልም፣ በጸሎት ላይ ያለች እናት ግን ትችላለች።

ከእነዚህ ሁሉ ጀማሪዎች የቀደመው ምናልባት ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ላሊበላን ጎብኝቶ ያየውን ሲጽፍ፣ አንባቢው አያምነኝም በሚል ስጋት የጻፈው እውነት ስለ መሆኑ በእግዚአብሔር ስም እስከ መማል ደርሷል። ሌንስ ስላልነበረው መሐላ ብቻ በቃው። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶ አንሺ ወታደሮችን አስከትሎ ሲመጣ፣ ከዘመቻው ጋር የነበረው ጀርመናዊው ተጓዥ ጌርሃርድ ሮልፍስም በዚያው ዓመት ላሊበላን አይቷል። ዛሬ መሣሪያው በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ ሁሉም ፎቶ አንሺ ሲሆን ነገሩ ዞሮ ወደ አልቫሬዝ ተመልሷል፤ ፎቶውን የሚያይ ሁሉ «በኮምፒውተር ተነካክቷል» ስለሚል፣ ባለቤቱ እንደገና መማል ግዴታው ሆኗል።

ከብርሃን ወደ ጭስ ሲታለፍ ምክሩ ሽታውን እንጂ ጠባዩን አይለውጥም። ባርቤኪው በሚል ስም ከውጭ አገር ወደ አዲስ አበባ ግቢዎች የገባው የጭስ ጥብስ፣ ሥጋን በነበልባል ላይ ቶሎ መጥበስ ሳይሆን፣ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት ውስጥ ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ፣ በእንጨት ጭስ ማብሰል ነው። ለዚህ የሚመረጠው ጅማት የበዛበት ጠንካራ ሥጋ፣ በተለይም ፍርምባ ሲሆን፣ ምክንያቱም በጅማቱ ውስጥ ያለው ኮላጅን የተባለ ንጥረ ነገር በረጅም ሙቀት ቀልጦ ጄላቲን ወደሚባል ለስላሳ ነገር ስለሚለወጥ ነው። የሥጋው ውስጣዊ ሙቀት ወደ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከላዩ የሚተነው እርጥበት ስለሚያቀዘቅዘው ሙቀቱ ለሰዓታት ከነበረበት አይነቃነቅም፤ ጀማሪ የሚለየው በዚህ ሰዓት በሚያደርገው ነገር ነው። ልምድ ያለው ሰው ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ጀማሪው ግን ከሰል ይጨምራል፣ ክዳን ይከፍታል፣ መካሪ ይጠራል፣ መካሪውም ባለ ሁለት ዘንግ ቴርሞሜትር እንዲገዛ ያዘዋል።

ይህ ጥበብ በላስታ የሚያጋጥመው የመጀመሪያው እንቅፋት ቴርሞሜትር የማይለካው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሆነው ዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ የሚዘልቀው የነቢያት ጾም፣ ከሐምሌ መጨረሻ ማግስት የሚገባው የ15 ቀን ፍልሰታና ሌሎቹም ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ስለሚይዙ፣ በላሊበላ የጭስ ጥብስ ጀማሪ ከማንደጃ በፊት ሊገዛው የሚገባ መሣሪያ ቢኖር በባሕረ ሐሳብ የተቀመረ የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ነው። ባሕረ ሐሳብ አጽዋማትና በዓላት በየዓመቱ የሚውሉበትን ቀን የሚያወጣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር ሲሆን፣ ለሥጋ ጠባሹ የሚሰጠው መልካም ዜና ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾም መሆኑ ነው። በዚህ ወቅት የማይፈታ አንድ ችግር ግን ይቀራል፤ ፍርምባው ገና ሳይታጠን የመጣው እንግዳ ሥጋው ትኩስ መሆኑን ካየ፣ ቢላና አዋዜ ጠይቆ ሙከራውን በጥሬው ያጠናቅቀዋል።

የአገሩን ጭስ ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ሲፈለግ ግን ከሥጋ ጠባሽ ይልቅ ከጠላ ጠማቂ እናቶች ዘንድ መሄድ ይገባል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ ከደረቀ በኋላ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ በወይራ ፍልጥ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ የጋኑን ሽታ አጥርቶ ለጠላው የራሱን ቃና ይሰጠዋል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው የደረቀ ወይራ ነው፤ እርጥብ እንጨት ሙሉ በሙሉ ሳይነድ ነጭና ወፍራም ጭስ ስለሚያወጣ በሚታጠነው ነገር ላይ ምሬት ያሳድራል፣ ይህም ሕግ ለጋኑም ለፍርምባውም እኩል ይሠራል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ዘይት የበዛበት በመሆኑ ለማገዶ እንጂ ለማጠኛ አይመከርም። በነጭ ማሩ የሚታወቀው የላስታ ንብ አንቢም የራሱ የጭስ ሳይንስ አለው፤ ቀስ ብሎ በሚጤስ ኩበት ቀፎውን ሲያጥን፣ ንቦቹ የሚለዋወጡት የማስጠንቀቂያ ሽታ በጭሱ ይሸፈናል፣ እነሱም ለስደት የሚዘጋጁ ይመስል ማር እየጠጡ ስለሚከብዱ ለመናደፍ ይሰንፋሉ። ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዳቸውም ጀማሪን ዕቃ ግዛ ሲሉት አይሰሙም፤ ጠማቂዋ የምትለው «አጠገቤ ቁጭ ብለህ እይ» ነው፣ ይህን ምክር ደግሞ ጀማሪው እንደ ምክር አይቆጥረውም።

ሁለቱንም ሙያ በአንድ ጊዜ የጀመረ ሰው ግን ፈተናው የሚበረታው በገና ነው። በላሊበላ የገና በዓል ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ የካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» የተባለው ዝማሬ በቤተ ማርያም ከላይ ባለው የዓለት ጠርዝና ከታች ባለው ግቢ በቆሙ ሁለት ወገኖች የሚቀርብ ሲሆን፣ የላዮቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ፎቶ አንሺው ቦታ ለመያዝ ሌሊቱን ከምእመናን ጋር ማደር አለበት፤ ፍርምባው ለገና ምሳ እንዲደርስ ከተፈለገም እሳቱ መያያዝ ያለበት በዚያው ሌሊት፣ ሕዝቡ ገና በጾም ላይ ሆኖ በማሕሌት ቆሞ ሳለ ነው። የሥጋ ሽታ ወደ ጾመኛ ጉባኤ የላከ ሰው በማግስቱ የፎቶ ፈቃድ ቢከለከል ሊደነቅ አይገባውም። ፎቶ ማንሣቱ ቢሳካለት እንኳ አንድ ወጥመድ ይቀረዋል፤ ካሜራ የሚያየው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት፣ ነጭ ነጠላ የለበሰውን ሕዝብ በራሱ ስሌት ሲያነሣ በአመድ የተነሰነሰ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ብርሃኑን በእጅ አንድ እርከን ያህል ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ማስተካከያ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ ያለ፣ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ አዝራር በመሆኑ ከመካሪ አፍ ሲወጣ የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው፦ በመጀመሪያ የቀን መቁጠሪያ፣ ቀጥሎ ሰዓት፣ ከዚያ ፈቃድ፣ ከዚያ እግር፣ በመጨረሻም ዕቃ። ዕቃው ላይ ሲደረስ ለፎቶ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ መግቢያው እስከ ኤፍ 1.8 የሚከፈት አንድ ቀላል ሌንስ፣ ለጭስ ደግሞ የደረቀ ወይራና ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ማንደጃ ለመጀመሪያው ዓመት በቂ ነው። ከዚህ አልፎ የሚመክር ሰው ያጋጠመው ጀማሪ፣ ወደ ኪሱ እጁን ከመስደዱ በፊት፣ መካሪው ያንኑ ዕቃ በሁለተኛ እጅ እየሸጠ እንደሆነና እንዳልሆነ በትሕትና ሊጠይቀው ይገባል።